አሸዋውን አትጠይቀው

(ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ አዳራሽ ለስፖርት መምህራንና ለወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ስጽፈው ጥቂት አሳጥሬዋለሁ። የአድማጮችን ጥያቄዎች በየቦታቸው አስገብቻለሁ።)

ደህና ዋላችሁ።

ፊታችሁ ያለውን ሳጥን ከገባችሁ ጀምሮ እያያችሁት ነው። አራት ልጆች ተሸክመው ነው ያመጡልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። ውስጡ አሸዋ ነው። ጠዋት እዚሁ ሰፈር ከሚሠራ ሕንፃ ለምኜ ወሰድኩት። ያመጣው ሾፌር የጉማራ አሸዋ ነው ብሎኛል። መሐሉ ላይ የተቀመጠችው ነጭ ነገር የጎልፍ ኳስ ናት። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ንግግሬን እስክጨርስ ማንም እጁን እዚህ አሸዋ ውስጥ እንዳይከት።

ፊት ወንበር ላይ ያለሽው እህቴ፣ አይቼሻለሁ። እጅሽን ሰብስቢ። መጨረሻ ላይ ተራው ያንቺ ነው።

እጇን መዘርጋቷ አይገርምም። እኛ ነገርን በእጃችን የምናውቅ ሰዎች ነን። ጤፍ ልትገዙ ገበያ ስትወጡ ነጋዴው ከላይ ያሳያችሁን አታምኑም። እጃችሁን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርን ትከታላችሁ። ከታች እፍኝ ዘግናችሁ ታወጣላችሁ። እፍ ትሉበታላችሁ። ጥርሳችሁ ላይ ጣል አድርጋችሁ ታደቁታላችሁ። አሸዋም ያው ነው። ልምድ ያለው ግንበኛ አሸዋ ሲረከብ እፍኝ አንሥቶ በሁለት መዳፉ ያሸዋል። ከዚያ አራግፎ መዳፉን ያያል። ጭቃ ከቀረበት አሸዋው አፈር አለው ማለት ነው። ሲሚንቶ ይበላል። ይመልሰዋል።

ጎልፍ ውስጥ ይህ እጅ የሚታሰርበት አንድ ቦታ አለ። ባንከር ይባላል። የዛሬው ወሬዬ ስለሱ ብቻ ነው።

ለምን ስለሱ ብቻ? በቴሌቪዥን ጎልፍ የሚያዩ ተማሪዎቼ ከሁሉም በላይ የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። «መምህር፣ ያ ሰውዬ አሸዋውን ነካ አደረገው። ለዚህ ብለው ሁለት ምት ቀጡት። ምን አጠፋ?» ይሉኛል። አብዛኛው ሰው የሚመልስላቸው «አሸዋ መንካት ክልክል ነው» ብሎ ነው። ልክ አይደለም። አሸዋ መንካት በብዙ መንገድ ይፈቀዳል። የሚከለከለው ሌላ ነገር ነው። እሱን ነው ላሳያችሁ የመጣሁት።

ጎልፍ ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ሜዳው ብዙውን ጊዜ 18 ጉድጓዶች አሉት። ኳሷ ከዶሮ እንቁላል ታንሳለች። ስፋቷ ከ42.67 ሚሊ ሜትር በታች፣ ክብደቷ ከ45.93 ግራም በላይ መሆን አይችልም። ቦርሳችሁ ውስጥ ከ14 ዱላ በላይ መያዝ አትችሉም። ኳሷን በጥቂት ምት ጉድጓድ ያስገባ ያሸንፋል። በአብዛኛው ጨዋታ ዳኛ አጠገባችሁ የለም። ጥፋታችሁን የምትናገሩት ራሳችሁ ናችሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ባንከር ማለት ሆን ተብሎ የተዘጋጀ የአሸዋ ቦታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሣሩና አፈሩ ተነሥቶ የጎደጎደ ነው። ነገሩ የመጣው ከስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ነው። እዚያ ሣሩን ገለጥ ብታደርጉት ከሥሩ አሸዋ ነው። ንፋሱ የከፈተው ጎድጓዳ ቦታ ኳስ ይውጥ ነበር። በኋላ ሰው ራሱ እየቆፈረ ይሠራው ጀመር። እኛ ጋ ሣሩን ብትገልጡት የምታገኙት ዋልካ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ካላችሁ ጥቁር ድንጋይ። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ባንከር ልሥራ የሚል ሰው አሸዋውን በመኪና ማስጫን አለበት።

የሚታወቀው የመጀመሪያው የተጻፈ የጎልፍ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1744 ኤድንብራ አጠገብ ሊዝ ላይ የወጣው ነው። 13 አንቀጽ ብቻ ነበር። ዛሬ ደንቡን አር ኤንድ ኤ የሚባለው የስኮትላንዱ ተቋም ከአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ጋር ሆኖ ያወጣዋል። የባንከሩ ነገር ያለው ደንብ ቁጥር 12 ላይ ነው።

እኔ ደንቡን የተማርኩት ግን ከመጽሐፍ አይደለም።

የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ አጎቴ ጋ ነበር የምኖረው። ቅዳሜና እሑድ ካዲ ሆኜ እሠራ ነበር። ካዲ የተጫዋቹን ዱላ የሚሸከም ነው። ሁልጊዜ የምሸከምላቸው አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ነበሩ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ብዙ አይናገሩም። ኳሳቸው ጠፍታ ካገኘሁላቸው ትከሻዬን ነካ ያደርጉኛል። ያቺ ትበቃኝ ነበር።

አንድ እሑድ ውድድር ነበራቸው። ማታውን ዘንቦ አድሯል። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ የአሸዋው ፊት ነጣ ብሏል። ኳሳቸው ባንከር ገባች። እኔ ፈጠን ብዬ ቀድሜ ወረድኩ። እጄ ላይ ሬኩ አለ፤ ያ አሸዋውን የምናስተካክልበት ጥርሳሙ መጥረጊያ። ደግ መሥራቴ ነው ብዬ እጀታውን አሸዋው ውስጥ ወጋ ወጋ አደረግሁት። «ጋሼ፣ ከላይ ብቻ ነው የደረቀው። ሥሩ ጠጣር ነው» አልኳቸው።

ቀጥ ብለው ቆሙ። ፊታቸው አልተለወጠም። «ልጄ፣ አሁን የነገርከኝን መስማት አልነበረብኝም» አሉኝ።

ከዚያ ወረዱ፣ መቱ፣ ኳሷ ወጣች። ያንን ጉድጓድ በአምስት ምት ጨረሱ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን ሰባት ነው። ልብ በሉ፣ ማንም አላየም። አብሯቸው የሚጫወተው ሰው ከዛፎቹ ማዶ የራሱን ኳስ እየፈለገ ነበር። ጠሩት። ካዲዬ አሸዋውን ፈትኖ ነገረኝ፣ ሁለት ምት ጨምርብኝ አሉት።

አለቀስኩ። ሲጨርሱ ሻይ በፓስቲ ገዙልኝ። አልተቆጡኝም። «ካዲ የተጫዋቹ እጅ ነው። አንተ ስትነካው እኔ ነካሁት ማለት ነው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «እግሬን አሸዋው ውስጥ ቀብሬ ብቆም ግን ማንም አይቀጣኝም።»

ይህችኛዋ ለዓመታት አልገባችኝም። እጅ ተከልክሎ እግር እንዴት ይፈቀዳል? ዱላ ተከልክሎ ጫማ? መልሱ ያለው ምቱ ውስጥ ነው።

ከባንከር ኳስ ሲወጣ በደንብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አሸዋ ቡፍ ብሎ ይነሣል፤ ኳሷ ከመሐሉ ቀስ ብላ ትወጣለች። ዱላው ኳሷን አልነካም። ከኳሷ ጀርባ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ አሸዋው ውስጥ ይገባል፣ ከሥሯ ያልፋል፣ ከፊቷ ይወጣል። ኳሷን ተሸክሞ የሚያወጣት አሸዋው ነው።

እንግዲህ አሸዋው ልል ከሆነ ዱላው ይሰምጣል። ጉልበቱን አሸዋው ይጠጣዋል፤ ኳሷ እዚያው ትቀራለች። አሸዋው ረጥቦ ከጠጠረ ደግሞ ዱላው ይነጥራል። ኳሷን ሆዷ ላይ ይመታታል። ያን ጊዜ ግሪኑን፣ ማለት ጉድጓዱ ያለበትን አጭር ሣር፣ አቋርጣ ማዶ ታርፋለች። ሁለቱ አሸዋዎች ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። ስለዚህ የአሸዋውን ሥር ያወቀ ሰው የምቱን ግማሽ አወቀ ማለት ነው። የ14 ዓመቱ ልጅ ለጋሼ የሰጣቸው ይህንን ግማሽ ነበር።

በነገራችን ላይ ዱላው ራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካዊው ጂን ሳራዘን የዱላው መሠረት አሸዋ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ብረት ጨመረበት። በዚያ ዱላ እ.ኤ.አ. በ1932 የብሪታንያን ኦፕን የሚባለውን ትልቅ ውድድር አሸነፈ። ዛሬ ሳንድ ዌጅ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። እጄ ላይ ያለው የዚያ የልጅ ልጅ ነው በሉት። ይኸው፣ ታቹን እዩት፤ ሆዱ ወፈር ያለ ነው። እንደ ታንኳ ሆድ አሸዋው ላይ እንዲንሸራተት ነው።

ወደ እግራችን እንመለስ። ሰው ሳይቆም መምታት አይችልም። አሸዋ ደግሞ ይንሸራተታል። ስለዚህ ደንቡ እግርህን ቅበርና ተደላድለህ ቁም ይላል። እግርህ እግረ መንገዱን የሚያውቀው ነገር አለ። ጫማህ ሥር እርጥበቱ፣ ጥንካሬው ይሰማሃል። ያ ያንተ ነው፤ ማንም አይወስድብህም። ለመቆም ስትል ያገኘኸው ነው። እጅህን፣ ዱላህን፣ ሬክህን ይዘህ አሸዋውን «እንዴት ነህ? ሥርህ እንዴት ነው?» ብለህ ስትጠይቀው ግን ሌላ ነው። የተከለከለው ይህ ጥያቄ ነው። አሸዋውን ልትነካው ትችላለህ። አትጠይቀው።

እኔ ይህንን ሳስብ ደንቡ በጣም ያምረኛል። ያሰበበት ሰው የሰውን ልጅ ያውቃል።

ሦስት ቦታ ላይ ግን ደንቡ ሐሳባችሁን አይጠይቅም። ፈልጋችሁም ሆነ ሳትፈልጉ ዱላችሁ አሸዋ ከነካ ተቀጣችሁ። ላሳያችሁ።

አንደኛ፣ ከኳሷ ፊትና ጀርባ ያለውን ቦታ በዱላ መንካት። ሣር ላይ ሲሆን ተጫዋቹ ዱላውን ከኳሷ ጀርባ አስቀምጦ ነው የሚያስበው። እዚህ አይቻልም። እዩት፣ ዱላዬ ከአሸዋው ሁለት ጣት ከፍ ብሏል። አየር ላይ ነው። አሁን ቆጠራ ልጀምር፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... ክንዴ ሲንቀጠቀጥ አያችሁ? ተጫዋቹ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመታው። ለምን ካላችሁ፣ ከጀርባዋ ያለውን አሸዋ በትንሹ ተጫን ብታደርጉት ለዱላችሁ መንገድ ከፈታችሁ። ኳሷም ከፍ ያለች ትመስላለች። ሳላስበው ነው የሚልን ሰው ደግሞ ልቡን ከፍቶ የሚያይ የለም። ስለዚህ ደንቡ ጨርሶ ዘጋው።

ሁለተኛ፣ የሙከራ ማወናጨፍ። ከመምታታችሁ በፊት ዱላውን አየር ላይ ማወናጨፍ ትችላላችሁ፤ አሸዋ ግን አይንካ። አሸዋ ከነካ ያው ጥያቄ ነው፤ እንዲያውም ሙሉ መልስ ያለው ጥያቄ። ሦስተኛ፣ ልትመቱ ዱላውን ወደ ኋላ ስታነሡ። ወደ ፊት ሲመለስ አሸዋውን ዝቆ ይውጣ፤ ምቱ እሱ ነው። ወደ ኋላ ሲሄድ ግን አንድ እፍኝ አሸዋ መጎተት የለበትም።

ቅጣቱ በምት ቆጠራ ውድድር ሁለት ምት ነው። ሁለት ሰው ጉድጓድ በጉድጓድ ሲፋለም ደግሞ ያ ጉድጓድ ለሌላው ይሄዳል።

«ሰው ቢወድቅስ?» ብሎ አንድ ልጅ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልትወድቅ ስትል ዱላህን ተደግፈህ ብትቆም ቅጣት የለም። ተራህን ስትጠብቅ ደክሞህ ዱላህን ብትደገፍም የለም። ቦርሳህን፣ ሌሎች ዱላዎችህን አሸዋው ላይ ብታስቀምጥ፣ ብትወረውርም ይቻላል። ኳስህን ለመለየት ምልክት አድርገህ ስታነሣ እጅህ አሸዋ ይነካል፤ ደንቡ ራሱ የፈቀደልህ ነው። ሜዳውን ለመንከባከብ ብለህ የሰው ዱካ ብታስተካክልም ችግር የለም። ለሁሉም ግን አንድ ገመድ አለ። ያደረግኸው ነገር ለምትህ የሚያመች ከሆነ፣ ማለት ኳስህ ያለችበትን፣ የምትቆምበትን ወይም ዱላህ የሚያልፍበትን ካሻሻለ፣ ተቀጣህ። በሌላ ደንብ ነው የምትያዘው፤ ቅጣቱ ግን ያው ነው።

አንዷን ልነግራችሁ ስቸኩል ነበር። ተናድዶ አሸዋውን በዱላው የመታ ሰው አይቀጣም። ደንቡ ላይ በግልጽ ተጽፏል። መታህ፣ ኳስህ አልወጣችም፣ ንዴትህ መጣ፣ ዱላህን አሸዋው ላይ አሳረፍከው። ይቅርታ አለህ። ለምትህ የሚረዳ ነገር አይሁን እንጂ።

ይህንን ሳነብ የመጣብኝ የገና ጨዋታ ነው። እኛም ዱላና ኳስ ያለው ጨዋታ አለን። ጥንጓን ስንመታ ያደግን ሰዎች ነን። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ነው የሚጨፈረው። የኛ ጨዋታ ለጌታው አትቆጣ ይላል። የነሱ ደንብ ደግሞ ሰው መቆጣቱ አይቀርም ብሎ ቦታ ይተውለታል። ሁለቱም ጨዋታ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚመስል ያወቁ ናቸው።

እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ ደንቡ ከዚህ ይጠብቅ ነበር። ኳሳችሁ አጠገብ የወደቀ ቅጠል እንኳ ማንሣት አትችሉም። ከ2019 ጀምሮ ደንቡ በሙሉ ሲታደስ 34 የነበረው ወደ 24 ወረደ። ያን ጊዜ ቅጠልና ጭራሮ፣ ጠጠርም ማንሣት ተፈቀደ። ስታነሡ እጃችሁ አሸዋውን ነካ ቢያደርግ ችግር የለውም። «ቅጠሉን ሳነሣ ኳሷ ብትንቀሳቀስስ?» ላልሽው፣ አንድ ምት ትቀጫለሽ፤ ኳሷን ወደ ቦታዋ ትመልሻለሽ። ኳስ አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ስትፈልጋትም አሸዋውን መግለጥ ትችላለህ። ካገኘሃት በኋላ ግን መልሰህ እንደነበረው ማልበስ አለብህ። ጫፏ ብቻ ብቅ ብትል ይፈቀድልሃል። ግማሿ የተቀበረችውን ጎልፈኞች «የተጠበሰ እንቁላል» ይሏታል። ብታዩዋት ስሙን ራሳችሁ ታወጡላት ነበር።

አሁን ሁለት ሰዎችን ላስተዋውቃችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ዊስሊንግ ስትሬትስ የሚባል ሜዳ ላይ ትልቁ የፒጂኤ ሻምፒዮና ይካሄዳል። ደስቲን ጆንሰን የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርስ በአንድ ምት ይመራል። ኳሱን መታ፤ በቀኝ በኩል ሕዝቡ ወደቆመበት ሄደች። ያረፈችው አሸዋ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ሰው ሲመላለስበት የዋለ፣ የተረገጠ። ጆንሰን ሕዝቡ ያጎሳቆለው ባዶ መሬት መሰለው። ዱላውን ከኳሷ ጀርባ አሳረፈ። መታ። ጨረሰ። ለመለያ ጨዋታ አልፌያለሁ ብሎ ሲያስብ አንድ የደንብ ኃላፊ መጥቶ «ባንከር ውስጥ ነበርክ» አለው። ሁለት ምት። አምስተኛ ደረጃ ከሌሎች ጋር ተጋራ። ማርቲን ካይመርና ቡባ ዋትሰን ለመለያው ቀሩ፤ ካይመር አሸነፈ።

ያ ሜዳ አንድ ሺህ የሚጠጋ ባንከር አለው። አዘጋጆቹ ሰው የሚረግጠውም ቢሆን ሁሉም ባንከር ነው ብለው አስቀድመው ወረቀት ለጥፈው ነበር። ጆንሰን አላነበበውም። አሳዝኖኛል፤ ዛሬም ያሳዝነኛል። ቅጣቱ ግን ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከኳሷ ጀርባ ያለው ቦታ ሐሳብ ከማይጠየቅባቸው ሦስቱ አንዱ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያው ሻምፒዮና ኪያዋ ደሴት ላይ ሲደረግ አዘጋጆቹ ተቃራኒውን አወጁ። እዚያ ያለው አሸዋ ሁሉ ባንከር አይደለም፣ ዱላችሁን አሳርፉ አሉ። አሸዋው አሸዋ ነው። ባንከር የሚያደርገው የሰው ውሳኔ ነው። ስለዚህ ልጆች፣ የተለጠፈ ወረቀት አንብቡ።

ሁለተኛዋ ሲዊድናዊቷ አና ኖርድቅቪስት ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን ላይ ከብሪትኒ ላንግ ጋር እኩል ወጥታ የሦስት ጉድጓድ መለያ ትጫወታለች። ሁለተኛው ላይ ባንከር ገባች። ዱላዋን ወደ ኋላ ስታነሣ ጥቂት የአሸዋ ቅንጣቶች ተንቀሳቀሱ። እሷ አልተሰማትም። አጠገቧ ያለ ሰው አላየም። ካሜራው ግን አየ። ምስሉ ቀርቦ ሲታይ ቅንጣቶቹ ሲዘሉ ይታያሉ። ሁለት ምት ተቀጣች። የተነገራት የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሦስተኛ ምቷን ከመታች በኋላ ነው። ላንግ ግን ሦስተኛዋን ከመምታቷ በፊት ሰማች፤ ተረጋግታ መታች፤ ዋንጫውን ወሰደች።

ይህ ልክ ነው? እኔ አይደለም እላለሁ። አሸዋው መልስ ሰጣት? አልሰጣትም። ተጠቀመች? አልተጠቀመችም። ዓይን የማያየውን ነገር ሰው እንዴት አምኖ ይናገር? ጋሼ የተናገሩት ስላወቁ ነው። እሷ ምን ትናገር? በሚቀጥለው ዓመት ደንብ አውጪዎቹ አስተካከሉት። ከእንግዲህ በዓይን ብቻ ሊታይ የማይችል ነገር በካሜራ ቢገኝ እንደ ጥፋት አይቆጠርም አሉ። ለሷ ግን ረፍዷል።

የሌላውን አሜሪካዊ ተጫዋች፣ የፓትሪክ ሪድን ነገር ባጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ባሃማስ ላይ ነው። ኳሱ ያለችበት አሸዋማ ቦታ ባንከር አልነበረም፤ ዱላ ማሳረፍ ይፈቀዳል። እሱ ግን ሁለት ጊዜ ዱላውን ወደ ኋላ ሲጎትት ከኳሷ ጀርባ የነበረችውን የአሸዋ ጉብታ ጠረጋት። ሁለት ምት። በመጨረሻ በሁለት ምት ተበልጦ ሦስተኛ ወጣ። መንካት ተፈቅዶ እንኳ ማሻሻል እንደማይፈቀድ ያያችሁት እዚህ ላይ ነው።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት፣ በጀልባ ሥራ የኖሩ ናቸው፣ እጃቸውን አወጡ። «እዚህ ጣና ዳር ቢጫወቱስ? ኳሱ ዳር ያለው አሸዋ ላይ ቢያርፍ ባንከር ነው?» አሉኝ። አባቴ፣ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህንን ወደድኩት።

አይደለም። ባንከር የተዘጋጀ መሆን አለበት። ሐይቁ ሲጎድል የተወው አሸዋ ማንም አላዘጋጀውም። ውሃውና ዳሩ በቀይ ወይም በቢጫ ምልክት ይከለላል፤ የቅጣት ክልል ይባላል። ኳሳችሁ እዚያ ውስጥ ብትታይና ልምታት ብትሉ ከ2019 ወዲህ ዱላችሁን አሸዋው ላይም ውሃው ላይም ማሳረፍ ትችላላችሁ። ደንገሉ ግን የበቀለ ነገር ነው። ጎንበስ አድርጎ ወይም ሰብሮ መንገድ መክፈት አይቻልም። ተነቅሎ ዳር ተጥሎ የደረቀ እምቦጭ ግን እንደ ወደቀ ቅጠል ነው። እሱን አንሡት፤ ባታነሡትም ነው ቅር የሚለኝ። አንድ ሰው ታንኳውን ዳር ላይ ጎትቶ ትቶት ከሆነ ደግሞ ሰው የሠራው ነገር ነው። በቀላሉ የሚነሣ ከሆነ ገለል አድርጋችሁ ትመታላችሁ። ስትጨርሱ ለባለቤቱ መልሱለት።

ባንከር ውስጥ ያለች ኳስ ጨርሶ የማትመታ ከሆነችስ? መውጫ አለ። አንድ ምት ተቀጥታችሁ እዚያው ባንከር ውስጥ ሌላ ቦታ ትጥላላችሁ፤ ወይም ወደ መታችሁበት ትመለሳላችሁ። ሁለት ምት ከተቀጣችሁ ደግሞ ከባንከሩ ውጭ ወደ ኋላ ወስዳችሁ መጣል ትችላላችሁ። ይህም በ2019 የመጣ ነው። አሸዋ የሚፈራ ጀማሪ እንዳይጨነቅ ጥሩ ነገር ነው።

አሁን ሳጥኑን ይዘን እንውጣ።

(ወጣን። አራቱ ልጆች ሳጥኑን ከዘንባባዎቹ ሥር ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ውሃው ላይ አንድ ታንኳ ያልፍ ነበር። ፊት ወንበር ላይ የነበረችውን ተማሪ ጠራኋትና ዱላውን ሰጠኋት። የቆመችው ከሳጥኑ ውጭ ስለሆነ እግሯም ምንም አልነገራትም። «ምን ይመስልሻል?» አልኳት። ጎንበስ ብላ አየችው። ፊቱ ነጥቷል። «ደረቅ ነው፣ ልል ነው» አለች። ከዙሪያዋ ያለው ሰው ግማሹ ልል አለ፣ ግማሹ አይደለም አለ። ዱላውን ሁለት ጣት ከፍ አድርጋ ያዘች። ክንዷ ተንቀጠቀጠ። አልነካችም። መታች። ዱላው ነጠረ፤ ኳሷ መሬት ለመሬት ተፈትልካ የዘንባባው ግንድ ጋ ቆመች።

«ኳሷ ወጥታለች። አሁን ክልከላ የለም» አልኳት።

ዱላውን ጥላ ተንበረከከችና እጇን እስከ ክርኗ ከተተችው። «ሥሩ እርጥብ ነው!» አለች። ጠዋት ውሃ አርከፍክፌበት ደረቁን ከላይ የነሰነስኩት እኔ ነኝ። እፍኝ አውጥታ አሸችው፣ አራገፈችው። መዳፏን ለሰዉ ዘርግታ አሳየች። ከኋላ የቆመ አንድ ግንበኛ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ይሄ አሸዋ አፈር አለው» አለ።)